ሲቪላይዜሽን 6፦ 100ኛው ተርን ላይ ሁሉም ጥሎኝ ይሄዳል፣ ምኑ ነው ያልገባኝ?

የፖሊው ልጅ
ሰላም የጣና ዳር ተጫዋቾች። ሲቪ 5ን፣ ማለት ይህንኑ ሥልጣኔ የምንገነባበትን ጨዋታ አምስተኛውን፣ በደንብ ተጫውቼዋለሁ። 6ን ግን ገና መጀመሬ ነው፣ ከነማስፋፊያዎቹ ሙሉው አለኝ። ፕሪንስ በሚባለው የክብደት ደረጃ ላይ ነው የምጫወተው። መጀመሪያ ሁሉም ነገር አማን ይመስላል። ዋና ከተማዬ ያድጋል፣ ስቶንሄንጅ እሠራለሁ፣ ፒራሚዱን እሞክራለሁ፣ ሦስት ከተማ ይዤ ቁጭ እላለሁ። 100ኛው ተርን (ተራ) አካባቢ ስደርስ የጎረቤቴ ሳይንስ የኔን እጥፍ ሆኖ አገኘዋለሁ። በዚያ ላይ ባርባሪያኖቹ (አገር የሌላቸው ወራሪዎች) እርሻዬን ሲያወድሙ ነው የሚውሉት። የምይዘው ምኒልክን ነው፣ ታዲያ ሌላ ማንን ልይዝ። ላፕቶፔ ደካማ ስለሆነች ማፑን ትንሽ ነው የማደርገው። ከየት ልጀምር? እባካችሁ «ዩቲዩብ እይ» አትበሉኝ፣ ዳታ የለኝም።

ቀበሌ 14
እንኳን ደህና መጣህ። አንተን ሲቪ 5 ነው የያዘህ። እዚያ አራት ከተማ ቆርቁሮ ትራዲሽን የሚባለውን ፖሊሲ ይዞ መቀመጥ አዋቂነት ነበር። ብሬቭ ኒው ወርልድ የሚባለው ማስፋፊያ ከመጣ ወዲህ እያንዳንዱ አዲስ ከተማ የቴክኖሎጂውን ዋጋ በስታንዳርድ ማፕ 5 በመቶ ይጨምርብህ ነበር፣ የሕዝቡም ደስታ የጋራ ስለሆነ አንድ ከተማ ስትጨምር አገር ምድሩ ያኮርፋል። 6 ላይ ይሄ የለም። ከተማ ስላበዛህ ሳይንስ አይወደድብህም። የሚወደደው ሴትለሩ (ከተማ የሚቆረቁረው ሰፋሪ) ራሱ ነው፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው የበለጠ ፕሮዳክሽን ይጠይቃል። ቀድሞ ያወጣ ተጠቀመ።

ሂሳቡን ልሥራልህ። ዲስትሪክት (የከተማው ልዩ ሰፈር) የሚፈቀድልህ በሕዝብ ቁጥር ነው። አንዱ በ1፣ ሁለተኛው በ4፣ ሦስተኛው በ7፣ ከዚያ በየ3ቱ። 12 ሕዝብ አንድ ከተማ ውስጥ ብታጭቅ 4 ዲስትሪክት ታገኛለህ። ያንኑ 12 ሕዝብ ለሦስት ከተማ እኩል ብታካፍለው 6 ይሆናል። ሳይንስህ ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ከካምፓስ ነው፣ ካምፓስ የትምህርት ዲስትሪክት ነው። ጎረቤትህ ከተማ ስላበዛ ካምፓስ አበዛ፣ በቃ ይኸው ነው ሚስጥሩ።

እኔ ፕሪንስ ላይ በ100ኛው ተርን ቢያንስ 6 ከተማ ከሌለኝ ደስ አይለኝም። መጀመሪያ ስካውት (ቃኚ)፣ ቀጥሎ ስሊንገር (ወንጭፈኛ)፣ ቀጥሎ ሴትለር። ሴትለር ለማውጣት ከተማው 2 ሕዝብ ሊኖረው ይገባል፣ ሲወጣም 1 ይዞ ይሄዳል፤ ስካውቱና ስሊንገሩ እስኪያልቁ ሕዝቡ ይደርስልሃል። ስቶንሄንጅን እርሳው።

ዘጌ ቡና
እንዴ ቀበሌ 14፣ ልጁ እኮ ምኒልክን ነው የያዘው። ስለ ስቶንሄንጅ እመለስበታለሁ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

የሽምብጧ
ባርባሪያኖቹን ለኔ ተዉልኝ።

ወንድሜ፣ ብዙ ጀማሪ ባርባሪያን ከሰማይ የሚወርድ ይመስለዋል። አይደለም። አሠራር አለው። መጀመሪያ ስካውታቸው ይመጣል። ከተማህን ካየ ጭንቅላቱ ላይ ቀይ ቃለ አጋኖ ይወጣል። ከዚያ ወደ ካምፑ ይሮጣል። ካምፑ በሰላም ከገባ ዘመቻው ተነሳብህ ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ እየተከታተሉ ይወጣሉ። ስለዚህ ያ ስካውት እንዳይመለስ ማድረግ ነው ቁልፉ። ዎሪየርህን (እግረኛ ወታደርህን) ሩቅ አትልከው፣ በከተማህና በጨለማው መሃል አቁመው። ስካውቱን መግደል ካልቻልክ እንኳ መንገዱን ዝጋበት።

ሁለተኛ፣ ካምፕ የሚበቅለው ማንም በማያየው ቦታ ላይ ብቻ ነው። ኮረብታ ላይ አንድ ወታደር ብታቆም ዙሪያውን ስለሚያይ እዚያ አካባቢ አይወጣም። አቁመውና እርሳው። ሦስተኛ፣ ኮድ ኦፍ ሎውስ የሚባለው ሲቪክ (በካልቸር የሚጠና ዕውቀት) እንዳለቀ ዲሲፕሊን የሚለውን የፖሊሲ ካርድ አስገባ፤ ከባርባሪያን ጋር ስትዋጋ +5 ጉልበት ይሰጥሃል። መጀመሪያ ላይ +5 ቀላል ነገር አይደለም።

ካምፑን ራሱን ደግሞ እንደ እምቦጭ ቁጠረው፣ ትንሽ እያለ ያልነቀልከው በኋላ ሐይቁን ሁሉ ይሸፍነዋል። በተለይ ፈረስ ያለበት አካባቢ ከሆነ ፈረሰኛ ነው የሚያወጣብህ፣ ያኔ በዎሪየር አትችለውም። ስትነቅለው ደግሞ ባዶ እጅህን አትመለስም። ወርቅ አለው። ሦስት ባርባሪያን መግደል የብሮንዝ ዎርኪንግን ዩሬካ ያመጣል፣ ካምፕ ማጽዳት የሚሊታሪ ትራዲሽንን ኢንስፒሬሽን ያመጣል። እኔ እንደውም ባይኖሩ ይከፋኛል።

የፖሊው ልጅ
@የሽምብጧ ቃለ አጋኖውን እኮ ሁሌ አየዋለሁ! «ስካውት ምን ያደርገኛል» ብዬ ነበር የምተወው። አንቺ እህቴ ተባረኪ።

ዩሬካ ያላችሁት ነገር ግን ግልጽ አልሆነልኝም። አልፎ አልፎ መብራት ብልጭ ብሎ «ዩሬካ» ይለኛል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ቀበሌ 14
እያንዳንዱ ቴክኖሎጂ አንድ ትንሽ ሥራ አለው፣ ያንን ከሠራህ ከዋጋው 40 በመቶ ይቀነስልሃል (መጀመሪያ ጨዋታው ሲወጣ 50 ነበር፣ በማስፋፊያው ነው የቀነሱት)። ለሲቪክ ሲሆን ኢንስፒሬሽን ይባላል። ቴክ ትሪው ላይ ማውሱን ብታስጠጋ ይነግርሃል። ለመጀመሪያው ዘመን የሚጠቅሙህን ልንገርህ። በስሊንገር አንድ ጠላት ግደል፣ አርቸሪ ይቀልልሃል። ሌላ ሥልጣኔ ካገኘህ ራይቲንግ። ድንጋይ ላይ ኳሪ ከሠራህ ሜሶንሪ። ሦስት ታይል (የካርታው አንድ አንድ ቦታ) በቢልደር (በሠራተኛ) ካለማህ ክራፍትስማንሺፕ። ቢልደር የሚሠራው ሦስት ጊዜ ነው፣ ሦስቱም እዚያው ቢውሉ አያስቆጭም። ጠቅላላ ሕዝብህ 6 ሲሞላ ኧርሊ ኢምፓየር፤ እሱ ደግሞ ኮሎናይዜሽን የሚለውን ካርድ ያመጣልሃል፣ ሴትለር ላይ 50 በመቶ ፕሮዳክሽን ይጨምራል። ያን ካርድ አስገብተህ ሴትለሮችህን አከታትለህ አውጣ፣ ከዚያ ቀይረው።

ሦስት ሲቲ ስቴት (ባለ አንድ ከተማ አገር) ካገኘህ ፖለቲካል ፊሎሶፊ ይቀልልሃል፣ የመጀመሪያው መንግሥት በሱ ነው የሚመጣው። ስካውት ቀድመህ አውጣ ያልኩህ ለዚህ ጭምር ነው። ሲቲ ስቴት ቀድሞ ያገኘ ሰው አንድ ኤንቮይ (መልእክተኛ) በነፃ ይሰጠዋል። ቆመህ ስትጠብቅ ሌላው ይወስደዋል።

ጢስ ዓባይ
ይሄ ሁሉ ሴትለር ምን ያደርግለታል? ጎረቤቱ ቅርብ ከሆነ የጎረቤቱን ከተማ ይውሰድ፣ አለቀ። የተሠራ ቤት እያለ ማን መሠረት ይቆፍራል።

አራት አምስት ስሊንገር አውጣ። አርቸሪ ሲያልቅ በወርቅ ወደ አርቸር አሳድጋቸው፣ ከባዶ ከመሥራት ይፈጥናል። አጎጊ የሚለው ካርድ ደግሞ ለጥንቱ ዘመን እግረኛና ቀስተኛ 50 በመቶ ፕሮዳክሽን ይጨምራል። ሁለት ዎሪየር ጨምርበት፣ ምክንያቱም ቀስተኛ ከተማ አይዝም፣ ያደማል እንጂ። የሚገባው እግረኛ ነው። ግንብ ሳይሠሩ ድረስባቸው። ግንብ ከወጣ በኋላ ግን ተመለስ፣ በቀስት ግንብ እያንኳኳህ ጊዜህን አትፍጅ።

ቀበሌ 14
@ጢስ ዓባይ ለጀማሪ ይሄን አትምከር አቦ። ጦርነቱ ካልተሳካለት ሴትለርም የለው፣ ከተማም የለው። አምስት ቀስተኛ የሠራበት ፕሮዳክሽን ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ጢስ ዓባይ
ፕሪንስ ላይ ነው እኮ ያለው! ፕሪንስ ላይ ኮምፒውተሩ ምንም ድጎማ የለውም፣ እኩል ለእኩል ነው። ከሁሉም ከባዱ ደረጃ፣ ዴይቲ ላይ፣ ሦስት ሴትለር ይዞ ሲጀምር ያኔ ፍራ።

ጡረተኛው መሐንዲስ
ልጆች፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ይህን ጨዋታ ከሁለተኛው ጀምሮ፣ ማለት በ1996 ከወጣው ጀምሮ የምጫወት ሰው ነኝ። ያኔም ከተማ ያበዛ ያሸንፍ ነበር፣ አምስተኛው ላይ ነው ለጊዜው የተቀየረው። ስለዚህ ቀበሌ 14 የሚለው ትክክል ነው። ጢስ ዓባይም አልተሳሳተም፣ ነገር ግን ጎረቤት በጣም ቅርብ ሲሆን ነው። ስካውቱ ዞሮ መሬቱን ሳያይ ሁለቱንም መወሰን አይቻልም። ባዶ መሬት ካለ ሴትለር፣ ከሌለ ቀስተኛ።

እኔ የምጨምረው የሚከተለውን ነው። ጀማሪ የሚከስረው ዲስትሪክት አቀማመጥ ላይ ነው። የዲስትሪክት ዋጋ ቴክኖሎጂና ሲቪክ በጨመርክ ቁጥር ይወደዳል። ነገር ግን ቦታውን መርጠህ ባስቀመጥህበት ቅጽበት ዋጋው ይቆለፋል። አሁን መሥራት ባትፈልግ እንኳ አስቀምጠውና ወደ ሴትለርህ ተመለስ። ከብዙ ተርን በኋላ ስትመጣ በድሮው ዋጋ ትሠራዋለህ። እኔ አዲስ ከተማ እንደቆረቆርኩ የመጀመሪያ ሥራዬ ይኸው ነው፣ ቦታውን ይዤ አልፋለሁ።

ሁለተኛው ነገር ቦታው ነው። ካምፓስ ከተራራ ጎን ሲሆን በእያንዳንዱ ተራራ +1 ያገኛል። ከፍል ውኃ ስንጥቅ ጎን +2። ሆሊ ሳይትም (የአምልኮ ሰፈሩ) ተራራ ይወዳል፣ ስለዚህ ሁለቱ አንድ ቦታ ይሻማሉ። ኮሜርሻል ሀብ (የንግድ ሰፈሩ) ወንዝ ዳር +2 አለው። ገና ከተማውን ከመቆርቆርህ በፊት ካርታው ላይ ፒን እየተከልክ አቅድ። ጨዋታው ፒን ሰጥቶሃል፣ ሰው ግን አይጠቀምበትም። እኔ በሥራ ዘመኔ ፕላን የሌለው ሳይት ምን እንደሚመስል ስላየሁ ነው መሰለኝ፣ ፒን ሳልተክል አልንቀሳቀስም።

የሽምብጧ
ጋሼ ዋጋው እንደሚቆለፍ አላውቅም ነበር! ይሄን ሁሉ ጊዜ በውድ ስገዛ ኖሬያለሁ።

ጡረተኛው መሐንዲስ
ምንም አይደል ልጄ፣ ጨዋታው ራሱ በግልጽ አይናገረውም።

የፖሊው ልጅ
እሺ፣ አዲስ ጨዋታ ጀመርኩ። አሁን ያለሁበትን ልንገራችሁ። ሴትለሬ ሜዳ ላይ ነው፣ ጎኑ ትንሽ ሐይቅ አለ፣ ሁለት ታይል ዘልቆ ወንዝ አለ፣ ወንዙ ዳር ኮረብታ አለ። እዚሁ ልቆርቁር ወይስ ልሂድ? በአምስተኛው ላይ ወንዝ የግድ ነበር።

ቀበሌ 14
ሐይቅም ጣፋጭ ውኃ ነው፣ ከወንዝ እኩል ይቆጠራል። ጣፋጭ ውኃ ጎን የተቆረቆረ ከተማ 5 ሃውዚንግ (የሕዝብ መኖሪያ) ይዞ ይጀምራል። ባሕር ዳርቻ ከሆነ 3። ምንም ከሌለ 2። ሃውዚንግህ ላይ ለመድረስ 1 ሕዝብ ሲቀርህ እድገቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ 2 ሃውዚንግ ያለው ከተማ ሳይወለድ ሞተ በለው። አኳዳክት (የውኃ ቦይ) እስክትሠራለት ድረስ።

ቢሆንም ምኒልክ ስለሆንክ ኮረብታውን እኔ አልተውም። ከሱ በላይ ግን አትዙር። ቦታ ፍለጋ ስትዞር ሌላው ከተማውን ቆርቁሮ ሁለተኛ ሥራውን ይጀምራል።

ጢስ ዓባይ
ወገን፣ ባሕር ዳር በዚህ ጨዋታ ውስጥ ብትሆን ምን ዓይነት ከተማ ትወጣ ነበር? እስቲ አስቡት። ሐይቅ በአንድ በኩል፣ ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ በሌላ በኩል። ሃውዚንግ ሞልቶ።

የሽምብጧ
ካምፓስ ግን የላትም። ቤዛዊት ኮረብታ ነው፣ ተራራ አይደለም። +1 እንኳ አትሰጥህም 😂 የዩኒቨርሲቲው፣ የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪ ሁሉ ይጠፋብሃል።

ቀበሌ 14
ለንግድ ነው ባሕር ዳር። እዩት እንግዲህ። ሃርበር (ወደብ) ከሲቲ ሴንተር (ከከተማው መሃል) ጎን ሲሆን +2 ያገኛል። ኮሜርሻል ሀብ ከሃርበር ጎን ሲሆን +2፣ ወንዝ ዳር ሲሆን ደግሞ +2። ሦስቱን አጋጥመህ ታስቀምጣቸዋለህ። ሃርበር ደግሞ ሐይቅ ላይም ይሠራል፣ ባሕር አይጠይቅም። ሃርበሩን ጣና ላይ፣ ኮሜርሻል ሀቡን ዓባይ ድልድይ አጠገብ፣ ሲቲ ሴንተሩን መሃል። ወርቅ በወርቅ ነው የምትሆነው። የፖሊው ልጅ፣ ይሄን ቀልድ ብለህ አትለፈው፣ ያንተም ሐይቅና ወንዝ ለአንድ ከተማ ከተገናኙ በትክክል ይሄው ነው የሚሠራው።

ጢስ ዓባይ
መርከብ ግን እንዳትሠራ! ሐይቁ ከባሕር ጋር ካልተገናኘ መርከብህ እዚያው ስትዞር ትኖራለች። ከዘጌ ጎርጎራ።

ጡረተኛው መሐንዲስ
ስለ ሐይቅ ካነሳችሁ ሁዌይ ቴዎካሊ የሚባል ዎንደር (እንደ ስቶንሄንጅ ያለ ድንቅ ሕንፃ) አለ፣ የሚሠራው ሐይቅ ላይ ብቻ ነው፣ ከመሬት ጎን። ሚሊታሪ ታክቲክስ ላይ ነው የሚከፈተው። በግዛትህ ላለ ለእያንዳንዱ የሐይቅ ታይል 1 ምግብና 1 ፕሮዳክሽን ይጨምራል፣ በዙሪያው ላሉት የሐይቅ ታይሎች ደግሞ አሜኒቲ (ሕዝብ የሚያስደስት ነገር) ይሰጣል። ትልቅ ሐይቅ ላይ ያረፈ ሰው ሊያስብበት ይችላል። ትንሽ ሐይቅ ከሆነ ግን ይቅርበት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ጋዘሪንግ ስቶርም በሚባለው ማስፋፊያ ላይ ወንዝ ይሞላል። በፍላድፕሌን (ወንዙ በሚያጥለቀልቀው ሜዳ) ላይ ያለ እርሻህን ሊያወድምብህ ይችላል፣ መሬቱን ግን አብዝቶ ያለማልሃል። ሐይቅ አይሞላም። ወንዙ ሲያስቸግርህ በኋላ ዳም (ግድብ) ትሠራለህ። ዳም ከጎኑ ላለ ኢንዱስትሪያል ዞንም +2 ይሰጣል፣ አኳዳክትም እንደዚያው። በመጀመሪያው 100 ተርን ግን ስለዚህ አትጨነቅ።

ዘጌ ቡና
መጣሁ። አሁን ስለ ምኒልክ እናውራ፣ ምክንያቱም እስካሁን ያላችሁት ሁሉ ለማንም ሥልጣኔ የሚሠራ ነው። ኢትዮጵያ ግን የራሷ አካሄድ አላት፣ በ2020 ነው ወደ ጨዋታው የገባችው፣ እንደ ሌላው ከተጫወትካት ትባክናለች።

ምኒልክ ኮረብታ ላይ የቆረቆረው ከተማ ከፌይዙ (ከእምነት ነጥቡ) 15 በመቶ ሳይንስ፣ 15 በመቶ ካልቸር ያገኛል። ፌይዙ አይቀነስበትም፣ ተጨማሪ ነው። ወታደሮቹም ኮረብታ ላይ ሲዋጉ +4 አላቸው። ስለዚህ ኮረብታ፣ ኮረብታ፣ ኮረብታ። ሜዳ ላይ ከቆረቆርክ ምኒልክን በከንቱ ያዝከው። የፖሊው ልጅ፣ ሂድ ወደዚያ ኮረብታ። ሁለት ተርን ይፍጅ፣ ይገባዋል።

ቀጥሎ ያለማኸው ሪሶርስ ሁሉ +1 ፌይዝ ይሰጣል። ቡና ካገኘህ ፕላንቴሽን፣ ከብት ካገኘህ ፓስቸር። እያንዳንዱ ፌይዝ ነው። ስለዚህ ቢልደር ከሌላው ሰው ቀድመህ ታወጣለህ፣ ከተማም የምትቆረቁረው ሪሶርስ የበዛበት ቦታ ነው። 25 ፌይዝ ሲሞላ ፓንቲዮን (የመጀመሪያውን የእምነት ጥቅም) ትመርጣለህ። ጎድ ኪንግ የሚለው ካርድ +1 ፌይዝ ስላለው እዚያ ድረስ ያግዝሃል፣ ከዚያ አውጣው።

አሁን ወደ ስቶንሄንጅ። ቀበሌ 14 እርሳው አለ፣ ምክንያቱን ግን አልነገረህም። ስቶንሄንጅ 180 ፕሮዳክሽን ነው፣ የመጀመሪያው ሴትለር 80። ሁለት ሴትለር ሊሆን ምንም አይቀረው። ድራማ ኤንድ ፖይትሪ የሚለው ሲቪክ ደግሞ የኢትዮጵያን ልዩ ነገር፣ ከዓለት የተፈለፈለውን ቤተ ክርስቲያን የሚከፍተው ነው፤ ኢንስፒሬሽኑም አንድ ዎንደር መሥራት ነው። ስለዚህ አንድ ዎንደር ብትሠራ አልቆጣህም። አንድ! ያውም ሁለት ሦስት ሴትለር ከወጣ በኋላ። ፒራሚዱን ግን ለሌላ ተወው። ሃይማኖት ለመመሥረት ከፈለግህ ሆሊ ሳይት በጊዜ ሥራ፣ ነቢይ ያልቃል። በስታንዳርድ ማፕ 8 ሥልጣኔ አለ፣ ሃይማኖት ግን 5 ብቻ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ የሚሠራው በቢልደር ነው፣ ኮረብታ ወይም የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ። በዙሪያው ባለ በእያንዳንዱ ተራራና ኮረብታ +1 ፌይዝ ይጨምራል። ሁለቱን ጎን ለጎን አያስቀምጥህም፣ አራርቀህ ነው። (የላሊበላውን ነው ያስገቡት፣ የጣናዎቹ ክብ ገዳማት የሉም። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሳያዩ ነው ያለፉት ብዬ ተቀየምኩ።)

ዋናው ይሄ ነው፣ ቀበሌ 14 ስማኝ። ክላሲካል ዘመን ላይ ጎልደን ኤጅ (ወርቃማ ዘመን) ካገኘህ ሞኑመንታሊቲ የሚባል ምርጫ አለ። እሱን ከመረጥክ ሴትለርና ቢልደር በፌይዝ ይገዛል። በፌይዝ! ኢትዮጵያ ደግሞ ፌይዝ አያልቅባትም። ሌላው በፕሮዳክሽን አንድ በአንድ ሲያወጣ አንተ ትገዛለህ፣ ከተማህ ሆሊ ሳይቱን ሳያቋርጥ። እዚህ ጋ ነው ያንተ «ከተማ አብዛ» እና የኔ «ፌይዝ ሰብስብ» አንድ የሚሆኑት። ጎልደን ኤጅ ለማግኘት ኢራ ስኮር (የዘመኑ ነጥብ) ያስፈልግሃል፤ ካምፕ አጽዳ፣ የተፈጥሮ ድንቅ ፈልግ። የሽምብጧ ስለ ካምፕ ያለችው እዚህም ይጠቅምሃል።

ቀበሌ 14
አልተከራከርኩም። ግን ጎልደን ኤጁ ባይገኝስ? ጀማሪ ሰው ይሄን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሚይዝ አንድ ዙር በሮም ቢጫወት እላለሁ። ትራጃን አዲስ ከተማ በቆረቆረ ቁጥር ነፃ ሞኑመንት ይሰጠዋል፣ መንገዱም ከዋና ከተማው ጋር ራሱ ይገናኛል። ምንም ሳታስብ ከተማ ማብዛትን ያስተምርሃል። ከዚያ ወደ ምኒልክ ተመለስ።

ዘጌ ቡና
በአማርኛ የሚያናግረውን መሪ ትቶ ሮማይስጥ ሊሰማ? አይሆንም።

የፖሊው ልጅ
😂 ምኒልክን አልለቅም፣ ይቅርታ ቀበሌ 14። ወደ ኮረብታው ሄጃለሁ። እግረ መንገዴን አንድ ጥያቄ፣ ከተሞቹን ምን ያህል ላራርቃቸው? አምስተኛው ላይ በጣም አራርቄ ነበር የምቆረቁረው።

ቀበሌ 14
አታራርቅ። ሕጉ በሁለት ከተማ መሃል ቢያንስ 3 ታይል ይኑር ይላል፣ አራተኛው ላይ መቆርቆር ትችላለህ። አንድ ከተማ የሚያርሰው እስከ 3 ታይል ድረስ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ግማሹን እንኳ የሚያርስ ሕዝብ የለውም። ከ4 እስከ 6 ታይል ርቀት ይበቃል።

ሌላው ሎያሊቲ (የከተማው ታማኝነት) ነው፣ አምስተኛው ላይ አልነበረም። እያንዳንዱ ከተማ እስከ 9 ታይል ድረስ በሕዝቡ ብዛት ልክ ግፊት ያደርጋል። የሰው ትልቅ ከተማ አፍንጫ ሥር ብትቆረቁር ከተማህ ትከዳሃለች። ተጠጋግተው ሲቆረቆሩ ግን እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። የግድ ጠርዝ ላይ ከሄድክ ገቨርነር (አስተዳዳሪ) አስቀምጥባት፣ +8 ሎያሊቲ አለው። @ጢስ ዓባይ የምትማርካቸው ከተሞችም ለዚህ ነው የሚያምፁብህ።

ጢስ ዓባይ
አንድ ብቻ ስለምትማርክ ነው። ሦስት አከታትለህ ያዝ፣ ማን ይገፋሃል?

ጡረተኛው መሐንዲስ
ገቨርነር ከተነሳ፣ ለጀማሪ ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። ፒንጋላ ትልቁ ከተማህ ላይ ሲቀመጥ ሳይንስና ካልቸሩን 15 በመቶ ይጨምራል። ማግነስ ደግሞ ፕሮቪዥን የሚለውን ደረጃ ሲያገኝ ሴትለር ሲወጣ ሕዝብ አይቀነስም። በተጨማሪም ማግነስ ባለበት ከተማ ጫካ ስትመነጥር የምታገኘው 50 በመቶ ይጨምራል። ደን መመንጠር ለኛ አገር ሰው ደስ የሚል ነገር ባይሆንም በጨዋታው ሴትለር ያስጨርስልሃል። ዲስትሪክት ልታስቀምጥበት ያሰብከው ቦታ ላይ ጫካ ካለ መጀመሪያ መንጥረህ ፕሮዳክሽኑን ውሰድ። ሳትመነጥር ካስቀመጥክ በከንቱ ይቀራል።

የሽምብጧ
ወርቅ ቢያጥርህ ደግሞ ነግድ። አንድ ዓይነት ላክሸሪ (የቅንጦት ሪሶርስ) ሁለት ካለህ ሁለተኛው ምንም አይጨምርልህም፣ ለጎረቤት ሽጠው። ከሰው ጋር እንደተዋወቅክ ወዲያው በ25 ወርቅ ዴሊጌሽን (ልዑክ) ላክ፣ ቆይተህ ስትጠይቅ እምቢ ይሉሃል። ለጢስ ዓባይ አይሠራም፣ እሱን የሚወድ የለም።

የፖሊው ልጅ
ላፕቶፔስ? ተርኑ እየቆየ ሲሄድ ሻይ አፍልቼ እመለሳለሁ። በዚያ ላይ ባትሪዋ አልቋል፣ መብራት ሲሄድ ድርግም ነው።

ጢስ ዓባይ
ስትራቴጂክ ቪው የሚለውን ተጫን፣ ካርታው ጠፍጣፋ ይሆናል። አያምርም፣ ግን ይፈጥናል። እኔ በሱ ብቻ ነው የምጫወተው፣ ዲስትሪክትና ሪሶርስም ይበልጥ ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ኩዊክ ሙቭመንትና ኩዊክ ኮምባትን አብራ፣ ወታደር ሲራመድ አትጠብቅም። የተቃዋሚውንም የሲቲ ስቴቱንም ቁጥር ቀንስ፣ የሚያስበው ሲበዛ ነው የሚቆየው። ፍጥነቱን ኦንላይን ካደረግከው ጨዋታው በ250 ተርን ያልቃል፣ ስታንዳርዱ 500 ነው። ቀበሌ 14 የነገረህ 100ኛው ተርን ምናምን ግን በስታንዳርድ ነው፣ በኦንላይን ብትጫወት በግማሽ አስላው።

የሽምብጧ
ለመብራቱ አውቶሴቭን በየ1 ተርኑ አድርገው። አትርሳ። እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመጣ የምናጣው ቢበዛ አንዲት ተርን ነው።

ዘጌ ቡና
ለምን ሆት ሲት አትመጣም? አንድ ላፕቶፕ ላይ በየተራ ነው፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። እኔና ጢስ ዓባይ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር እንጫወታለን፣ የኔ ላፕቶፕ ደህና ናት። የሽምብጧም ትመጣለች ካልተቀየመች።

የፖሊው ልጅ
ስክሪኑ አንድ ከሆነ የኔን ካርታ አያዩትም?

ዘጌ ቡና
ፓስዎርድ ታደርግበታለህ። ተራህ ሲደርስ እኛ ፊታችንን ወደ ውኃው እናዞራለን።

የሽምብጧ
ጢስ ዓባይ አያዞርም፣ እወቅ። እመጣለሁ እኔ፣ ግን ምኒልክን ማን ይይዛል?

ዘጌ ቡና
እኔ።

የፖሊው ልጅ
እኔ እኮ ገና አሁን ነው የተማርኩት!

ቀበሌ 14
ሮምን ያዝ ብዬሃለሁ።